ሃያ ሁለት ቁጥር

ዋካናይ ላይ ጨው ሁለት በር አለው፤
አንዱን ባሕሩ፣ ሌላውን መንገዱ ነው የከፈተው።
ከፊት ማዕበሉ ይተፋል፣ ከኋላ ማዘጋጃ ቤቱ ይበትናል፤
በረዶው ይሟሟል፣ ብረቱም አብሮ ያልቃል።
እዚህ መኪና የሚያረጀው ከታች ነው፤
ላዩ ሙሽራ ነው፣ ሆዱን የሚያውቀው ከሥሩ የሚተኛው።

የሽማግሌው የጌንዞ ቫን ማክሰኞ ማታ፣
የባሕር አረም ሸትታ፣ ቢጫ መብራቷን አብርታ፣
ገባች እያነከሰች። የምርመራ ወረቀቷ ያልቃል ነገ ቀትር ላይ፤
ካላለፈች አረሙን ማን ይጭንለታል፣ ከአሸዋው ወደ ላይ?

የሞተው ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው፤ አውራ ጣት የሚያህል አፍንጫ፣
ጭሱን አሽትቶ ለሞተሩ የሚያሳብቅ፣
«ጠግቧል» እያለ፣ «ርቦታል» እያለ፣ በየሩጫ።
አሥራ ሰባት ዓመት ከቱቦው ጋር ኖሮ፣ ዝገት አጋብቷቸው፣
የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም ሲያዩአቸው።

አለቃዬ ሺዙኖ ሦስት ሶኬት ጨርቅ ላይ ደረደረች፤
ሦስቱም ሃያ ሁለት ቁጥር።
«ምረጥ» አለች።

አንደኛው ረጅም ነው፣ ጎኑ ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ፤
የሴንሰሩ ገመድ በስንጥቁ ሾልኮ፣ ከመቆረጥ የተጠበቀ።
ሁለተኛው አጭርና ጎባጣ፣ እጅ በማይገባበት የሚገባ፣
እንደ ተንኮለኛ ዘመድ በጓሮ በር የሚግባባ።
ሦስተኛው ምንም የለውም። ስንጥቅ የለው፣ መስኮት የለው፤
ስድስት ማዕዘን፣ ወፍራም ግድግዳ፣ ዙሪያው የተዘጋ ነው።

የተሰነጠቀውን አነሳሁ። ደግ መሰለኝ፤
ምንም ሳይቆርጥ የሚፈታ መሣሪያ፣ እኔንም ደግ የሚያሰኝ።

ሞተሩን አስነስተን አሞቅነው፤ ዘይት ረጨን፤ ጠበቅን፤
ራዲዮኑ የጉም ማስጠንቀቂያ አነበበ፤ ዝም ብለን ሰማን።
ከዚያ እጀታው ላይ ቱቦ ሰካሁ፣ በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩ፤
የሆነ ነገር ሲላወስ ተሰማኝና «ተፈታ!» ብዬ ጮህኩ።

አልተፈታም።
የተላወሰው ሶኬቱ ነበር፤ ስንጥቁ አፉን ከፍቶ፣
የሴንሰሩን ማዕዘን እንደ ስኳር ልሶ፣ አድቦልቡሎ፣ ትቶ።

ሺዙኖ አልተቆጣችም። በተሻለኝ ነበር ብትቆጣ።
«ገመድ ልታተርፍ ጥግ ገበርክ» አለች፣
ባትሪውን ከጥርሷ መሃል ስታወጣ።
«የሞተ ነገር ገመድ ለማን ይተርፋል?
መፍታት የፈለገ ሰው፣ መጀመሪያ የሚቆርጠውን ይመርጣል።»

ወደ ጌንዞ ዞረች፤ «ከቆረጥኩት መመለሻ የለም» አለችው፣
«አዲሱ ባይገጥም፣ ቫንህ እዚሁ ናት፤ ልቁረጠው?»
ሽማግሌው ጨው በሰነጠቀው ጣቱ ገመዱን ዳሰሰ፤
አንድ ሌሊት፣ በመልሕቅ ገመድና በቢላው መሃል ስለቆመበት፣
ሊያወራን ጀመረና መለሰ።
«ቁረጪው» አለ፣ ሌላ ሳይጨምር።

ቀጭ።

ሦስተኛውን በመዶሻ አስገባችው፤ ጥጉ ቢያልቅም ጎኑን ያዘ፤
ከመፍታቷ በፊት ግን ጥቂት አጠበቀችው፣
ክንዷ እየከበደ፣ እስትንፋሷ እየታገዘ።
«እንዴት?» አልኩ፣ «ሊፈቱት ያጠብቁታል?»
«ዝገቱ ይንቃ» አለች፤ «ተኝቶ የያዘ፣ ሲነቃ ይለቃል።»
ከዚያም ጮኸ፤ እንደ ብረት አይደለም፤
ማንም ሳይከፍተው እንደከረመ የጎተራ በር፣ በዝግታ፣
ቡናማ ዱቄት ፊቷ ላይ እየነሰነሰ፣
ሩብ ዙር፣ ግማሽ፣ ከዚያ በእጅ የሚዞር ሆነ ኋላ ኋላ።

የኔን ሶኬት ልጥለው ብድግ ስል፣
«የት ትወስደዋለህ?» አለች። ሞርሳ ውስጥ ጨመቀችው፣
የተከፈተ አፉን መለሰችው፤
አዲሱን ሴንሰር፣ ገመዱ ሙሉ፣ በስንጥቁ አሾልካ፣
ቀስ ብላ አጠበቀች፣ በልኳ ለክታ።
«ይሄ ለማግባት ነው» አለች፤ «ያኛው ለመፍታት።»
እሷ ሁለት ጊዜ ያገባች ናት፤
ስለ ብረት ብቻ መናገሯ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ጌንዞ የሞተውን ሴንሰር ኪሱ ከተተው፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።
ቢጫው መብራት ጠፍቶ ነበር ሲወጣ፤
ጉሙም እንደተባለው መጣ።